የጠምበለሉን ሽታ የበላው ጅብ

ሐዋሳ በገባሁ ማግስት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ከማረፊያዬ ወጥቼ ወደ ፍቅር ሐይቅ በእግሬ ስወርድ፣ ከመታጠፊያው ሱቅ ሳልደርስ አንድ መዓዛ አፍንጫዬን ጠለፈው። ቆምኩ። ዙሪያዬን ባይ የተዘጋ ሱቅና አንድ የተኛ ውሻ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሽታውን እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ውሻው ሳይታዘበኝ አልቀረም። ታጥፌ ሁለት ግቢ ካለፍኩ በኋላ አጥር ላይ የተንዠረገገ ሐረግ አገኘሁ፣ በላዩም ጥቃቅን ነጭ አበቦች። የፈረንጁ ጃስሚን ይሁን የእኛው ጠምበለል ለይቼ የምናገር ሰው አይደለሁም። በሩን የሚጠብቁት አዛውንት «ጠምበለል ነው» ስላሉኝ ጠምበለል ብዬው ቀረሁ።

ማታ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያው መንገድ ስመለስ ሽታው የለም። ከመታጠፊያውም የለም፣ ከአጥሩ ሥርም የለም። አበቦቹ እንደ ጠዋቱ አሉ፤ እንዲያውም የጨመሩ መሰለኝ። አንዱን ቅርንጫፍ ስቤ አፍንጫዬን አበባው ውስጥ ስከት ያኔ መጣ። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስል ጠፋ። ከኋላዬ የባጃጅ ሰልፍ ይንጫጫል።

«አባባ፣ ይሄ አበባ ማታ አይሸትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ማታ ነው የሚሸተው፣ ልጄ» አሉ። ጥቂት አሰቡና «ነበር» ብለው ጨመሩ።

ያቺ «ነበር» ናት ሥራዬን ያስፈታችኝ። ሰው ሲሰወርብን «ሽታው ጠፋ» እንላለን። የሽታ ሽታው ሲጠፋ ምን እንደሚባል ግን ያስተማረኝ የለም። የበላው ጅብ አልጮኸም፤ እኔም ጅቡን ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን አፍንጫ ነው። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ቡና ሲቆላ ድንገት የገባ እንግዳ በሽታው ሲደነቅ፣ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ያለችው ሴት ጭሱ ዓይኗን ማቃጠሉን እንጂ መሽተቱን ረስታዋለች። አፍንጫ ግድ የሚለው አዲስ ለመጣ እንጂ አብሮት ለኖረ አይደለም። እኔ ግን አበባው ሥር ውዬ አልመጣሁም፤ ከሐይቁ ዳር ነው የመጣሁት። ጉንፋንም አልያዘኝም። በዚያችው ምሽት የዓሣ መጥበሻ ዘይት የት እንደሚንተከተክ ሳላየው አውቄያለሁ።

አፍንጫዬን በነጻ ከማሰናበቴ በፊት ግን ጥቂት አቆየሁት፤ እሱ ራሱ በቅርቡ የተፈታ እንቆቅልሽ ነውና። ሰው ከዋክብትን ሲመዝን፣ ጨረቃ ላይ ሲወጣ፣ አፍንጫው ሎሚን ከበሶብላ በምን እንደሚለይ ገና አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የተባሉ አሜሪካውያን ሽታ ተቀባዮችን የሚሠሩትን የዘረመል ቤተሰቦች በአይጥ ላይ አገኙ፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት ያሸለማቸው ይኸው ነው። የሰው አፍንጫ 400 ያህል ዓይነት ተቀባዮች አሉት። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስል የፊደል ገበታችንን ማስታወስ ይበቃል፤ ከ231 ፊደላት ስንት ቃል ይወጣል? አንድ ሽታ ብዙ ተቀባዮችን ይነካል፣ አንዱ ተቀባይም ለብዙ ሽታ ይመልሳል። ጠምበለል በብዙ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ይበልጥ ገረመኝ። ዓይንና ጆሮ የሚያመጡት መልእክት ታላመስ በሚባለው የአንጎል በር ላይ ቀርቦ ነው ወደ ውስጥ የሚያልፈው። ሽታ ግን እንደ ቤተ ዘመድ በጓሮ በር ይገባል፤ ስሜትና ትዝታ ወደሚያድሩበት ክፍል፣ ደጅ ሳይጠና። የቄጤማ ሽታ ከደጅ ሲቀበለን፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ሳናስብ ልባችን አስቀድሞ በዓል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ አበባዋ ነበረች። አበባ የሚሸተው ለእኛ ብሎ አይደለም። ነጭና ጠንካራ ሽታ ያላቸው ብዙዎቹ አበቦች ደንበኛቸው የማታ በራሪ ነው፤ የእሳት እራት። በጨለማ ነጭ ይበልጥ ስለሚታይ ነጭ ይለብሳሉ፣ ርቀቱን ደግሞ በሽታ ይጠራሉ። የጃስሚን ወገን ሽታውን የሚያበረታው ከምሽት ጀምሮ ነው። ስለዚህ አዛውንቱ ትክክል ናቸው፤ ማታ መሽተት ነበረበት። አበባዋ ድርሻዋን አልሰረቀችም። ሽታው ከአበባው ወጥቷል፣ አፍንጫዬም ለመቀበል ዝግጁ ነበር፤ የጠፋው መንገድ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። መጋቢት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከአላሙራ ተራራ በኩል ጠቆረና ጠብታዎቹ የመንገዱ ዳር አቧራ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ፣ ሁላችንም የምናውቀው ያ የአፈር ሽታ ተነሣ። መጠለያ ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ስልኩን የያዘውም ጭምር፣ ሳያውቀው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ።

ለዚህ ሽታ ስም ያወጡለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ በ1964 በድርቅ የቆየ ድንጋይና ሸክላ አፈር በእንፋሎት አፍልተው፣ እኛ አረቄ በምናወጣበት ዓይነት ዘዴ፣ ቢጫማ ዘይት አወጡና «ፔትሪኮር» አሉት። ሕንድ ውስጥ ካናውጅ በምትባለው ከተማ ያሉ ሽቶ ሠሪዎች ግን ያንኑ ሽታ ከሸክላ እያወጡ መሸጥ የቆየ ሙያቸው ነው፤ ለእነሱ ግኝት ሳይሆን ገበያ ነበር። በ2015 ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ጠብታ አፈር ላይ ሲያርፍ በፈጣን ካሜራ ቀረጹት። ጠብታው ከሥሩ አየር ያፍናል፣ አየሩ በአረፋ መልክ ወደ ላይ ይፈነዳል፣ ፍንዳታውም የአፈሩን ሽታ የተሸከመ ረቂቅ ርጭት ወደ አየር ይለቃል። ይህን በደንብ የሚያደርገው ካፊያ ነው እንጂ ዶፍ አይደለም። ዶፍ ሲወርድ ሽታው የሚጠፋብን ለካ በፍርሃታችን ብቻ አልነበረም።

ከአፈሩ ሽታ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጂኦስሚን የሚባለው ነው፤ ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ይሠሩታል። የሰው አፍንጫ ለሱ ያለው ስለት አያድርስ ነው፤ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ይበቃዋል።

በማግስቱ ይህን እያሰላሰልኩ ወደ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን በቢላ ይገፉታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንደ ተከበረ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ከላይ ከዛፉ ጉሬዛ ይዘላል። ስለ ሽታ ሲወራ ሐዋሳ ላይ ይህን ሽታ ዘልሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። እንግዳው አፍንጫውን ይይዛል፣ ዓሣ አስጋሪው ምሳውን ይበላል። ሬቸል ኸርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ2001 ያሳተመችው ጥናት እዚህ ትዝ አለኝ። አንዱን ሽታ «የፓርሜዛን አይብ ነው» ሲሏቸው ሰዎች ወደዱት፣ ያንኑ «ትውከት ነው» ሲሏቸው ተጸየፉት። አማርኛችን «ሸተተ» በሚል አንድ ግስ ሁለቱንም ይዞ፣ ሲወድ «መዓዛ»፣ ሲቀርብ «ጠረን»፣ ሲጠላ «ግማት» እያለ የሚያበላልጠው ነገሩ የገባው ቋንቋ ቢሆን ነው።

ከጎኔ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላ ሰውዬ «ሎሚ ጨምርበት፣ ጭቃ ጭቃ ይላል» ሲል ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ «ጭቃ ጭቃ» የሚለው በዚያው በጂኦስሚን ነው፤ ከውሃው በስንጥቡ በኩል ገብቶ ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። አሲድ ሲነካው ደግሞ ይፈርሳል፤ ሎሚ የሚያደርገው ይህን ነው። ትናንት መጠለያ ሥር በረጅሙ ያስተነፈሰን ነገር፣ ዛሬ ሳህን ላይ በሎሚ ይባረራል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን የዝናቡ ምሽት አንድ ፍንጭ ትቶልኝ ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ባጃጆቹ ገና ከየተጠለሉበት ሳይወጡ፣ በዚያ መንገድ ስመለስ ጠምበለሉ ከመታጠፊያው ሱቅ ተቀበለኝ። ሰዓቱ ያው ነው፤ 12 ተኩል። አበባው ያው፣ አፍንጫው ያው። እርጥብ አየር አፍንጫን እንደሚያግዝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የታጠበው አየር ራሱ ነበር።

ይህን ያህል ለአንድ አጥር አበባ መጨነቅ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም ራሴን ጠይቄ ጉዱማሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሲዳማዎች ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብሩበት፣ ከሐይቁ አጠገብ ያለው ባለ ትላልቅ ዛፎች ሜዳ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከሰፈሩት ቁም ነገሮች አንዱ፣ የጎሳ መሪዎች በዕለቱ ሕዝቡን አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ መምከራቸው ነው። ከዛፎቹ ሥር ግማሽ ሰዓት ስቀመጥ ትከሻዬ ወረደ፣ ትንፋሼ ረዘመ። ግን ያረጋጋኝ ማን ነው፤ ዓይኔ ወይስ አፍንጫዬ?

ሁለት ቆየት ያሉ ጥናቶች ይህን ጥያቄ ሳያውቁት ተካፍለውታል። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ባሳተመው ሥራ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ ሁለት ሁለት አድርጎ አነጻጸረ። ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እዚህ ሽታ የለም፤ መስኮት ብቻ። ሁለተኛው የጃፓን ነው። የጃፓን ደን ድርጅት ኃላፊ በ1982 «የደን ውስጥ መታጠብ» የሚል ስም ያወጡለት ልማድ ነበር፤ ልብስ ሳያወልቁ ዛፍ መካከል መዋል ማለት ነው። ቺንግ ሊ የተባሉ ሐኪም ደግሞ በ2009 ነገሩን ገለበጡት። 12 ወንዶችን ከተማ መካከል ሆቴል አስተኝተው፣ ሦስት ሌሊት የሂኖኪ ዛፍ ዘይት ክፍላቸው ውስጥ አተነኑ። ዛፍ የለም፤ ሽታ ብቻ። ጭንቀት የሚያወጣቸው ሆርሞኖች በሽንታቸው ውስጥ ቀነሱ፣ ሰውነትን የሚጠብቁ አንዳንድ የደም ሕዋሳትም በረቱ።

12 ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ያረፈ ሰው በምን እንደተዝናናም መለየት ያስቸግራል። በዚህ ላይ ተመሥርተው ሽታ በጠርሙስ የሚሸጡትን አላምናቸውም። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ሂኖኪ የእኛ የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፣ ከአንድ ቤተሰብ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከጥድ ሥር ተቀምጦ «እዚህ ስመጣ ይቀለኛል» የሚል ሰው ከጸሎቱ ሌላ ከዛፉም የሚቀበለው ነገር ይኖር ይሆናል።

ይበልጥ ያሳመነኝ በ2018 የወጣው የካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ የአይጥ ሙከራ ነው። ሊናሉል የሚባል ሽታ አለ፤ ድምብላላችን ውስጥ ዋናው እሱ ነው፣ በሶብላም ጃስሚንም ያውቁታል።  ሊናሉል ያሸተቱት አይጦች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን እንደሚያደርገው ግን አላንገዳገዳቸውም። ማሽተቻቸው የጠፋባቸው አይጦች ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ነገሩ በሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ የሚዞር መድኃኒት አይደለም፣ በአፍንጫ የተነገረ መልእክት ነው። የጭንቀት ኪኒኖች አንጎል ውስጥ የሚይዙትን በር የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ሽታው መሥራቱን አቆመ። የጓሮው በርና የመድኃኒቱ በር አንድ ቤት ያደርሳሉ ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአራቱ ወቅቶች ሰው ደን ውስጥ እየወሰዱ ስለ ሽታ ሲጠይቁ፣ የደኑ ሽታ ወደ ልጅነታቸው እንደወሰዳቸው ተናገሩ። አንዳንዶቹ ግን ያረፉት ሽታ ባለመኖሩ ነው አሉ፤ የከተማው ሽታ ባለመኖሩ።

የከተማው ሽታ። እዚህ ላይ ነው ጅቡ የጮኸው።

በ2008 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች የአበባ ሽታ በአየር ውስጥ ስንት ርቀት እንደሚጓዝ በሒሳብ ሞዴል አሰሉ። የመረጧቸው ሦስት ሽታዎች ናቸው፤ አንደኛው ሊናሉል፣ ሁለተኛው ሚርሲን፣ ሦስተኛው ስሙን ከበሶብላ የወሰደው ኦሲሚን። በ19ኛው መቶ ዘመን ባልቆሸሸ አየር ሽታው ከ1,000 እስከ 1,200 ሜትር ይሄድ ነበር። በዛሬ የከተማ አየር ከ200 እስከ 300 ሜትር ሲደርስ ያልቃል። የሚበላው ኦዞንና ሌሎች የጭስ ልጆች ናቸው፤ ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ እየበሰለ ኦዞን ይሆናል፣ ኦዞኑም የሽታውን ሞለኪውል ይሰብረዋል። የተሰበረውን አፍንጫ አያነበውም፤ ፊደሉ እንደተፋቀ ብራና ነው።

ሲመሽስ? ለዚህም በ2024 መልስ ወጣ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ ከሞተር ጭስና ከኦዞን የሚወለድና ፀሐይ ስላለች ቀን የማይኖር ናይትሬት ራዲካል የተባለ ነገር ማታ የአበባን ሽታ እንደሚያጠፋ አሳየ። የእሳት እራቶቹ ወደ አበባው መምጣታቸው በ70 ከመቶ ቀነሰ። ጠምበለሉ ጥሪውን የሚያበረታበት ሰዓትና በላተኛው የሚወጣበት ሰዓት አንድ ሆኖ ተገኘ። ንጋት ላይ የረጋው አየር ሽታውን መሬት አካባቢ ሰብስቦ ማቆየቱና የቀን ነፋስ መበተኑ ግብረ አበር መሆናቸውን አልክድም። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ከኋላዬ ተሰልፎ ሲንጫጫ የነበረውን ነው።

አንድ የሚያሳዝን ነገርም አለ። ዛፎችም ነጻ አይደሉም፤ ባሕር ዛፍን የመሰሉት አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ አብዝተው ይተነፍሳሉ፣ ከመኪና ጭስ ጋር ሲገናኝ ይኸው ጋዝ ኦዞን ያበዛል። ለብቻው ደኅና የሆነው ዛፍ ከጭስ ጋር ሲጎራበት ጅቡን ይቀልባል። የጎዳና ዛፍ የሚመርጥ ሰው ከዓይኑ ሌላ ሊያማክረው የሚገባው ነገር ይህ ነው።

ሐዋሳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ነበር የታሰቡላት፤ ዛሬም ዘንባባዎቿ የፎቶግራፍ ናቸው። ዘንባባ ሲያዩት ያምራል፣ አይሸትም። እኔ ብጠየቅ ከዋናው መንገድ ፈቀቅ ባሉ የእግረኛ መሄጃዎች፣ ጭሱ በማይደርስበት፣ አደስና ጠጅ ሳር፣ በየአጥሩም ጠምበለል ይተከል ባይ ነኝ። ጠጅ ሳር መንገድ ዳር ቢተከል ግን በመጀመሪያው ሳምንት ለሻይ ያልቃል፤ እሱም ክፉ አይደለም።

በመጨረሻው ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ናቸው። ከጠምበለሉ አንድ ዘለላ ቀጥፈው ሬዲዮናቸው ላይ ሰክተዋል።

«ተገኘ?» አሉኝ፤ ነገሩን ነግሬያቸው ነበር።

«አገኘሁት፣ አባባ።»

«ማን ሆነ?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከመታጠፊያው በኩል አንድ ባጃጅ ብቅ አለ፤ መብራቱ በጭጋጉ ውስጥ ቢጫ ነው። ሽታው ገና መንገዱን ሞልቶታል። እጄን አነሣሁ።

«መናኸሪያ ስንት ነው?»